እርቅ የወረደባት የኪራይ መኪና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ የሚፈልጉኝ ለመነጽሬ ነው። ጎንደር ማራኪ ሰፈር የምንኖርበት ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት አስተማሪ ለወንድሟ ሰርግ መኪና ልትከራይ ፈልጋ ስልኳን ይዛ መጣች። ውሉ እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው፤ በጣት እየገፉ እስከ ታች ይወርዱና መጨረሻ ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን መንካት ብቻ ነው። «እትዬ ፈንታነሽ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አላት ይላል። ልንካው?» አለችኝ። ሙሉ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሙሉ ማለት ሙሉ ነው አለችኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሴት ናት።

መነጽሬን አጠለቅሁና ከሙሉው ላይ የሚጎድለውን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ጎማ አይጨምርም። ድንጋይ ከሥር ቢመታት አይጨምርም። ስሙ ውሉ ላይ ያልተጻፈ ሰው ከነዳ አይጨምርም። ከጉዳቱ የመጀመሪያው ድርሻ የተከራዩ ነው። እሷ አፏን ከፍታ ስትሰማኝ ምድጃ ላይ የተወችው ሽሮ አርሮ ሽታው እኛ ድረስ መጣ። «ታዲያ ምኑ ነው ሙሉ?» አለች በመጨረሻ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ደመወዝ የበላሁት ይህችን ጥያቄ ለመመለስ ነበር። አንድ ቀን ሳልመልስ ቀርቼ የሆነውን ነው አሁን የምጽፈው፤ ከዚያ በፊት ግን እዚያ ወንበር ላይ ማን እንዳስቀመጠኝ ልንገራችሁ።

ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ አንድ የመድን ቅርንጫፍ ውስጥ በታይፒስትነት ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ማኅተሙን ለማንም አያምንም፤ በክር አስሮ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር። እሱ ምሳ ከሄደ ቢሮው በሙሉ ምሳ ሄደ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ገጠር ለቅሶ ሄዶ ሦስት ቀን ሲቆይ ባለመኪኖቹ ተሰብስበው ለቅሶ ደረሱት፤ አልቅሰው ሲጨርሱ ወረቀታቸውን እያወጡ አስመቱ። ደመወዙ የሚወራ አይደለም። ትምህርቱ ግን ሸጋ ነበር፤ አረቦን ለመድን የሚከፈለው ዋጋ መሆኑን፣ ሦስተኛ ወገን ደግሞ ከመድን ድርጅቱና ከደንበኛው ውጭ ያለ፣ የእኛ መኪና የምትጎዳው ሰው ሁሉ መሆኑን እዚያ አወቅሁ።

ቀጥሎ አንድ መኪና አከራይ ድርጅት ቀጠረኝና ደባርቅ ላከኝ። እንግዶች ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡት ከዚያ ስለሆነ አንዲት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ስልክ ሰጡኝ። ብርዱን ማን ይችለዋል፤ ውል የምጽፈው ጓንት አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ደንበኛ ተራራው ላይ መኪናውን አቁሞ ፎቶ ሲያነሳ ዝንጀሮ የዝናብ መጥረጊያውን ነቅሎ ገደል ይዞት ወረደ። ሰውየው ውሉን በደንብ አንብቦት ኖሮ «ዝንጀሮው ሦስተኛ ወገን ነው፤ ስለዚህ መድን ይከፍላል» ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩ ስለበዛብኝ ወደ ጎንደር ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት የውል ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ቢያድግልኝ ነበሩ።

«ዝንጀሮው ተጎድቷል ወይ?» አሉኝ። አልተጎዳም፣ እንዲያውም ደስ ብሎት ነው የሄደው አልኳቸው። «እንግዲያው ሦስተኛ ወገን አይደለም። ሦስተኛ ወገን እኛ የምንጎዳው እንጂ እኛን የሚጎዳን አይደለም። መጥረጊያውን ያስከፍሉትና ለሚቀጥለው ደንበኛ ዝንጀሮ ባለበት እንዳያቆም ይንገሩት» ብለው ዘጉ። ጋሼ ቢያድግልኝን የወደድኳቸው ያኔ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወደ ጎንደር ስዛወር በቀጥታ ከሳቸው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ጡረታ እስከወጡ ድረስም ከጎናቸው አልተነሳሁም።

ጋሼ ቢያድግልኝ የደብር አገልጋይ ልጅ ናቸው። ቅኔ ቤት ገብተው፣ ዜማም ቀምሰው፣ እንዴት እንደሆነ እሳቸውም ሳያውቁት መኪና አከራይ ቢሮ ውስጥ ራሳቸውን ያገኙ ሰው ነበሩ። አጭር፣ በበጋም ጃንጥላ የማይለያቸው፣ መኪና መንዳት የማይችሉ። መኪና በማየት ግን የሚያክላቸው አልነበረም። ቁልፍ ለደንበኛ ከመስጠታቸው በፊት መኪናዋን ሦስት ጊዜ ይዞሯታል። የመጀመሪያው ዙር በዓይን ነው፤ ከኋላ ቁጢጥ ብለው በጠዋት ፀሐይ በኩል የበሩን ገጽ ቀና አድርገው ያያሉ፤ ብረቱ የተቀጠቀጠ ከሆነ ብርሃኑ ይሰበራል። ሁለተኛው ዙር በጆሮ ነው፤ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ያዳምጣሉ፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ ስቱኮ የተለሰነበት ግን ድምፁን ይውጣል። በሦስተኛው ዙር ደንበኛውን ራሱን ያዞሩታል። ጭረት ባለበት ቦታ ሁሉ የደንበኛው ጣት እንዲያርፍ ያደርጋሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ትርፍ ጎማ እንኳ «አየሁት» ቢላቸው አይቀበሉም፤ «ዳሰስኩት በል» ይሉታል።

ዋናው ሥርዓታቸው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነበር። ውሉን ከላይ እስከ ታች ያነቡለትና ወረቀቱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ይደፉታል። «ይህ ንባቡ ነው። ንባቡን ሁሉም ያውቃል። አሁን ትርጓሜውን አንተ ንገረኝ» ይላሉ። ደንበኛው በራሱ ቃል አራት ነገር መናገር አለበት፤ መድኑ ምን ይሸፍናል፣ ምን አይሸፍንም፣ ከኪሴ የሚወጣው የቱ ነው፣ ግጭት ቢደርስ መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው። ካልተናገረ ቁልፍ የለም። የኔታ ፊት እንደቆመ ተማሪ ላብ የሚያጠምቀው ስንቱ ነበር። አንድ ከባድ ባለሥልጣን ሁለት ጊዜ ስቶ ተመልሶ ውጭ አግዳሚው ላይ ሲያጠና አይቼዋለሁ፤ ሾፌሩ ነበር በሹክሹክታ የሚያስጠናው። ያኮረፈ ደንበኛ ሲበዛ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ ጠርተው ይቆጧቸው ነበር። ጋሼ ቢያድግልኝ በጸጥታ ሰምተው ተመልሰው የሚቀጥለውን ደንበኛ «ትርጓሜውን» ይሉታል።

ይህ ሥርዓት ከስንት ነገር እንዳዳነን። ከሊማሊሞ ቁልቁል እስከ ዛሪማ ድረስ ፍሬን እንደረገጠ የወረደው ነጋዴ የፍሬኑ ሸራ ተቃጥሎ ጭሱ እየወጣ ደውሎልን ነበር። መድኑ ይከፍላል ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። «የተርጎምኩት ነው፤ ፍሬን የበላሁት በራሴ ነው» አለና ራሱ አሠራት። የተረጎመ ሰው አይከራከርም።

ጋሼ ቢያድግልኝ ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸው ለእኔ ደረሰኝ። ቅጹ ላይ ከደንበኛው ፊርማ ግርጌ የእኔ ቦታ አለ፤ «አስረድቻለሁ» ይላል። ሁለት ዓመት ያህል ሳላስረዳ አልፈረምኩም። በሁለተኛው ዓመት ከፋሲካ በኋላ የሰርጉ ወቅት መጣ።

ሰርግ በገባ ጊዜ ቢሮአችን ቢሮ አይመስልም። ሚዜው፣ የሙሽራው ወንድም፣ ቪዲዮ አንሺው፣ አበባ የሚለጥፈው ሁሉ ጠረጴዛዬን ከቦ ይጮኻል። በዚያ ቀን አያ ስማቸው ገቡ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። መኪናዋን የሚነዳው የእህታቸው ልጅ መምህር ጌታሁን ነው፤ መንጃ ፈቃዱን አሳይቶኝ መኪናዋን ሊያይ ወደ ግቢ ወጣ። አያ ስማቸው ነጭ ጋቢ ለብሰው ጭራቸውን ይዘው ሲቆሙ ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ አለ። ሁለት ሰው ከወንበሩ ተነስቶላቸው ትከሻቸውን ሳመ። ከጎኔ የነበረችው ገንዘብ ያዥ የዚያው አገር፣ የወገራ ልጅ ናትና በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ደም የተቃባ ሰው የሚያስታርቁ፣ ስንት ዓመት ተካሶ ያልበረደ ጠብ የሚያበርዱ ሽማግሌ ናቸው።

ውሉን አነበብኩላቸው። ቶሎ ቶሎ ነው ያነበብኩት፤ ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ ትርጓሜውን ልጠይቅ ስል አፌ ታሰረ። እኒህን የሚያክሉ ሰው ያ ሁሉ ወጣት እያየ «እስቲ ይድገሙልኝ» ልበላቸው? ቢስቱስ? አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አፈርኩ። «ገባዎት አያ?» አልኩ። «የተባለው ሁሉ ሸጋ ነው» አሉኝ። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። ከጣታቸው ግርጌ «አስረድቻለሁ» የሚለው ላይ ፈረምኩና «ቀጣይ!» ብዬ ተጣራሁ።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ተመለሰች። ስትሄድ ከነበረችው ይልቅ ስትመለስ ታምራለች፤ ጎማዋ ሳይቀር ታጥቧል። አያ ስማቸው አንድ ማዳበሪያ ድንች አስወርደው «ለናንተ ነው፤ አከበራችሁን» አሉ። ደስ እያለኝ መኪናዋን መዞር ጀመርኩ። ከፊት ቀኝ ጎማ በላይ ያለው ፓራፋንጎዋ ላይ ስደርስ ብርሃኑ ተሰበረ። አንኳኳሁ፤ ድምፁ የመኪና ድምፅ አይደለም። ጠጋ ብዬ ሳየው ብረቱ እንደ ማረሻ ጫፍ አምሮ ተሹሏል።

አያ ስማቸው ገርሟቸው አዩኝና «እሱንማ ጨርሰነዋል» ብለው ከጋቢያቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። እንደ ዲፕሎማ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። የእርቅ ሰነድ ነው። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አምነን፣ ቂም ሳንይዝ፣ አንዱ ሌላውን ሁለተኛ ላይጠይቅ በእግዚአብሔር ስም ታርቀናል ይላል። ከሥሩ የሦስት ሽማግሌ የጣት አሻራ አለ። አንብቤ ስጨርስ የመኪናዋ ኮፈን ላይ ተቀመጥኩ።

የሆነውን መምህር ጌታሁን ነገረኝ። ሙሽሪትን አድርሰው ሲመለሱ አምባ ጊዮርጊስ ገበያው መውጫ ላይ ከዛሪማ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጥሩንባ እንኳ ሳይነፋ ወደ ኋላ መጥቶ ገጫቸው። ጥፋቱ የአይሱዙው መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። መኪኖቹን ሳያንቀሳቅሱ ትራፊክ ፖሊስ ቢጠሩ ኖሮ የአይሱዙው የሦስተኛ ወገን መድን ያለ አንድ ቃል ያሠራልን ነበር። የአይሱዙው ሾፌር ግን ወርዶ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለ የአያ ስማቸው ጉልበት ላይ ወደቀ። አያ ስማቸው አነሱት። የሰርግ ሰው በጠብ አይውልም፣ አንተም መንገደኛ ነህ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው አሉት። ሾፌሩ በፍጹም አይሆንም አለ። ሁለቱ ጥፋቱን ሲሻሙ ገበያተኛው ተሰበሰበና ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ጥፋቱን ለአያ ስማቸው ፈረዱላቸው፤ ክብሩ ይገባቸዋል ብለው። ከዚያ ገበያተኛው መኪናዋን ተሸክሞ ከመንገድ አወጣት። የሰው ንብረት እንደተጎዳ አይመለስም ተብሎ ማረሻ የሚሠራው ባለሙያ በዚያው ከሰዓት ፓራፋንጎዋን አቃንቶ ሰጣቸው።

ማንኛውም የመድን ውል የሚከለክላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ፖሊስ ሳያይ መኪናዋን አታንሳ። መድን ድርጅቱ ሳይፈቅድ ጥፋትን አትመን፣ እርቅም አትፈጽም። መርማሪ ሳያያት አታሠራት። ሦስቱንም በአንድ ከሰዓት፣ በሰነድና በምስክር፣ ያውም እየጸደቁ ፈጽመዋቸዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ የተሟላ ጥፋት አላየሁም።

መድን ድርጅቱ ዮናስ የሚባል መርማሪ ላከ። ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። አቶ ደረጀ ደግሞ አንድ ደብዳቤ አጽፈው ሰጡኝ። መድኑ በተከራዩ ጥፋት ካልከፈለ ጉዳቱን ተከራዩ ይከፍላል ይላል ውሉ፤ ደብዳቤው አያ ስማቸው ይህን አምነው የሚያትሙበት ነው። ከመርማሪው ጋር አምባ ጊዮርጊስ ሄጄ አሳትሜው እንድመጣ ታዘዝኩ። በመንገዱ ላይ መምህር ጌታሁን ደውሎ አጎቱ ከሰርጉ በኋላ የቀራቸው ጥሪት አንድ ጥማድ በሬ ብቻ መሆኑን፣ የእርሻውም ጊዜ እንደደረሰ ነገረኝ። የቀለሙ ሣጥን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባሉት አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠው ጠበቁን፤ አያ ስማቸው፣ ሦስቱ ሽማግሌዎችና መምህር ጌታሁን። ዮናስ ፎልደሩን ከፍቶ ሊናገር ሲል አንዱ ሽማግሌ ጭራቸውን አንስተው አስቆሙት። ነገሩ እርቅ ከሆነ ባላጋራው ራሱ መቅረብ አለበት፤ ኢንሹራንስ የሚባለው ሰውዬ ለምን አልመጣም አሉ። ዮናስ ኢንሹራንስ ሰው እንዳልሆነ፣ ድርጅት እንደሆነ አስረዳ። ሽማግሌው አሰብ አደረጉና «ቤተሰብ የለውም?» አሉ። የለውም። «መቃብርስ?» የለውም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዘመድም መቃብርም የሌለውን በምን አስምለን እናስታርቀዋለን ተባለ። በመጨረሻ ተወካይ ከሆንክ አንተ ትበቃናለህ ብለው ዮናስን የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። በሦስተኛው ጥያቄ የእናቱ እናት የወገራ ሰው መሆናቸው ወጣ። «እንግዲያው የኛው ነህ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። ዮናስ ከዚያ በኋላ ፎልደሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር የሚናገረው።

የሚናገረው ግን አልተለወጠም። መድን ድርጅቱ አይከፍልም። ጥፋት ታምኗል፣ መኪናዋ ተነስታለች፣ ያለ ፈቃድ ተሠርታለች። ቀሪው ጉዳይ በአከራዩና በተከራዩ መካከል ነው አለና ወደ እኔ አየ። ደብዳቤውን አወጣሁ። መምህር ጌታሁን ለአጎቱ አነበበላቸው። አያ ስማቸው ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም። «ጣቴን አትሜያለሁ፤ ያተመ ይከፍላል። በሬዎቹ ለገበያው ቀን ይወጣሉ። ቀለሙን አምጪው ልጄ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ያን እጅ አሁንም አየዋለሁ። አውራ ጣታቸው ከሞፈር ጋር ሲታገል የኖረ፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ ነበር። የቀለሙን ሣጥን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«አላስረዳኋቸውም» አልኩ።

ዮናስ ምን አልሽ አለኝ። ደግሜ ነገርኩት፤ አንብቤላቸዋለሁ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ነው፣ እንደገባቸው አልጠየቅኋቸውም፣ «አስረድቻለሁ» ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው። ዮናስ ብዕሩን አወጣ። አያ ስማቸው ያን ብዕር ሲያዩ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው፤ እኔ እንጀራዬን ላጣ ነው። በሕይወታቸው ያላደረጉትን ነገር ያኔ አደረጉት።

«ነግራኛለች» አሉ። «ሸጋ አድርጋ ነግራኛለች። የረሳሁት እኔ ነኝ። ይህን ጻፍ አንተ ልጅ።»

«አልነገርኳቸውም» አልኩ።

«ነግራኛለች አልኩ!»

ዮናስ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል። በኋላ መኪና ውስጥ እንደነገረኝ፣ በሥራው ዘመን ሁሉ እኔ አይደለሁም የሚል ሰው ነው ያጋጠመው፤ እዚህ ግን ከአይሱዙው ሾፌር ጀምሮ ጥፋቱን የሚለቅ ሰው አጣ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መሬት መሬት ያያሉ። አያ ስማቸው መዋሸታቸውን ያውቃሉ፤ ለምን እንደዋሹም ያውቃሉ። አንድም ሰው ዋሽተሃል አይላቸውም። ውሸታቸው እንዲህ ተከብሮ እንደሚያልፍና በሬዎቹ እንደሚሸጡ ገባኝ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አያ፣ ከነገርኩዎት ትርጓሜውን ይንገሩኝ» አልኳቸው። «መኪናዋ ብትጋጭ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?»

በዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ በወጣት ፊት ያፈርኩት ጥያቄ ነው። አሁን በእኩዮቻቸው ፊት ጠየቅኋቸው። አያ ስማቸው ጭራቸውን አገላበጡ። «ይታረቃሉ ነዋ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። ማንም አልሳቀም። ዮናስ ጻፈ። እኔ የአቶ ደረጀን ደብዳቤ ገለበጥኩና ጀርባው ላይ «ለተከራዩ አላስረዳሁም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት፤ ለዮናስ ሰጠሁት። አያ ስማቸው እስክንሄድ ድረስ ቀና ብለው አላዩኝም። በሰው ፊት ውሸታም አድርጌያቸዋለሁ። እስከ ጎንደር እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ዮናስም እንደ ወገራ ሰው አብሮኝ አዘነ።

አከራይ ድርጅታችን የመኪናዋን ማሠሪያ ራሱ ሸፈነ፤ አላስረዳሁም ያልኩበት ወረቀት ዮናስ እጅ ስላለ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አቶ ደረጀ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ከጠረጴዛዬ አነሱኝና ግቢ ውስጥ ትርፍ ጎማና ክሪክ የምቆጥር አደረጉኝ። ወንበሬ ላይ አንድ ፈጣን ልጅ ተቀመጠ፤ አንብቦ ያስፈርማል፣ ሰልፍ የለም፣ ትርጓሜም የለም። ያን ክረምት ዝናብ በመጣ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ምድሩ ርሷል፣ በሬዎቹ ያርሳሉ። ግን ደስታው ሙሉ አልሆነልኝም። አያ ስማቸው እንደተቀየሙኝ አውቄ ነበር።

እህሉ ተዘርቶ አረሙ ከተነሳ በኋላ አንድ ጠዋት አራት ጋቢ የለበሱ ሰዎች በግቢው በር ገብተው እኔን ሳያዩ በቀጥታ ወደ አቶ ደረጀ ቢሮ ሄዱ። ገንዘብ ያዧ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። ሽማግሌ ልከውልሻል፣ አያ ስማቸው ራሳቸው ናቸው አለችኝ። አቶ ደረጀ ተቀመጡ ቢሏቸው አይቀመጡም፤ ሽማግሌ የመጣበትን እሺ ሳይባል አይቀመጥም። እነሱ ቆመው አቶ ደረጀ መቀመጥ አይችሉም፤ አቶ ደረጀ ቆመው ሠራተኛው መቀመጥ አይችልም፤ ሽማግሌ ቆሞ እያየ ደንበኛም አልተቀመጠም። ቢሮው በሙሉ ቆመ። ስልክ ቢጠራም አንሺዎቹ ቆመው ነው የሚያወሩት። አያ ስማቸው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሉት፤ ልጅቱ ዝም ብትል እንጀራዋ አይነካም ነበር፣ እኔ በሬ እሸጥ ነበር፤ እሷ ተናገረች፤ የተናገረ ሰው ግቢ ውስጥ ጎማ አይቆጥርም። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ የአቶ ደረጀ ወገብ ሳይችል ቀረ። «እሺ ብያለሁ፤ ተቀመጡልኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ተቀመጠ።

አስጠሩኝ። እጄ በግራሶ ተበክሎ ስለነበር ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አያ ስማቸው በትከሻዬ ያዙኝ።

«ያን ቀን ሽማግሌ ናቸው ብለሽ አፈርሽኝ፤ አይደል?»

«አዎ አያ» አልኩ። እንባዬ መጣ።

«ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳታፍሪ። ያፈርሽው ሽማግሌ በሬውን ሊያጣ ነበር።» ከዚያ ጠረጴዛዬ ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡና ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ለጥር ታናሽቱን እድራለሁ፤ ያችኑ ማኪና ነው የምወስደው። በይ አንብቢልኝ።»

ፈጣኑ ልጅ ከወንበሬ ተነሳልኝ። እጄን ጠርጌ ውሉን አወጣሁና ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ወረቀቱን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። አቶ ደረጀ ከበራቸው ላይ ቆመው ያያሉ፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን አስግገዋል። አያ ስማቸው መድኑ የሚሸፍነውን፣ የማይሸፍነውንና ከኪሳቸው የሚወጣውን ተናገሩ። ማኪናዋ ከተጋጨች አትነሳም፣ ሰው ከተጎዳ ግን ይነሳል፤ ፖሊስ ይጠራል፤ ለናንተ ይደወላል፤ ማረሻ ሠሪው አይጠራም አሉ። በሬ ሲጠመድ እንደሚፈትሹት እያንዳንዷን እየዳሰሱ ነው የተናገሩት። ጥፋት እንደማይታመን፣ እርቅም እንደማይፈጸም ግን አላነሱም። ሦስቱ ሽማግሌዎች በተስፋ ያዩኛል። እኔም ልቤ እለፊያቸው፣ እለፊያቸው ይለኛል።

«አንድ ይቀራል፤ አልሆነም» አልኳቸው። «ከመጀመሪያው ይድገሙ፣ አያ።»

ደገሙ።